የጥንት እስራኤላውያንና ርስታቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብሉይ ኪዳንን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማነው ስላደግን የምናውቀው ይመስለናል። ዳዊት እንደግማለን፣ ልጆቻችንን ሙሴና ሩት እንላለን፣ ከተማ ስንቆረቁርም ናዝሬትና ደብረ ዘይት ብለን ሰይመናል። ቤርሳቤህን ካርታ ላይ አሳዩ ስንባል ግን ጣታችን ግብፅ ላይ ያርፋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚመላለሱ ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ በተለይ መሬትን የሚመለከተው፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስራኤላዊ፣ ዕብራዊ፣ አይሁዳዊ አንድ ናቸው?

የሚያመለክቱት አንድ ሕዝብ ነው፤ የሚነገሩበት ቦታና ዘመን ግን ይለያያል። “ዕብራዊ” አብዛኛውን ጊዜ ከባዕድ ጋር ሲነጋገሩ የሚሰማ ቃል ነው። የጲጥፋራ ሚስት ዮሴፍን ስትከስስ ዕብራዊ አለችው፤ ዮናስም መርከበኞቹ ከወዴት ነህ ብለው ሲያፋጥጡት ዕብራዊ ነኝ አለ። “እስራኤል” በመጀመሪያ የአንድ ሰው ስም ነበር፦ ያዕቆብ በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ፣ ሲነጋ እያነከሰ የወጣበት ስም። “አይሁዳዊ” የመጣው ከይሁዳ ነው። መጀመሪያ የይሁዳ ነገድና መንግሥት ሰው ማለት ነበር፤ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ለመላው ሕዝብ መጠሪያ ሆነ። በመጽሐፈ አስቴር መርዶክዮስ “አይሁዳዊ” ተብሎ ወዲያው የብንያም ነገድ ሰው መሆኑ ይነገረናል። ቃሉ በዚያን ጊዜ ከነገድ ስምነት አልፎ ነበር ማለት ነው።

የአይሁድ መጽሐፍ ሲባል የትኛው ነው?

አይሁድ “ታናክ” የሚሉት ነው፤ ኦሪት፣ ነቢያትና ጽሑፎች ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በእነሱ አቆጣጠር 24 መጻሕፍት ናቸው። እኛ ሁለት ሁለት አድርገን የምንቆጥራቸውን ሳሙኤልንና ነገሥትን አንድ አንድ ይሏቸዋል፣ ዐሥራ ሁለቱን ትንንሽ ነቢያትም እንደ አንድ ይቆጥራሉ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ81ዱ ውስጥ የምታካትታቸው እንደ ሄኖክና ኩፋሌ ያሉት እዚያ የሉም።

ምድሪቱ በመጽሐፉ ምን ትባላለች?

ከሁሉ በላይ “ከነዓን”፣ አልያም እንዲያው “ምድሪቱ”። “የእስራኤል ምድር” የሚለው ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ነው፤ የሚገኝበትም አኳኋን የሚያኮራ አይደለም። በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት ቀጥቃጭ አልነበረም ይላል። ገበሬው ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን መውረድ ነበረበት፣ ሒሳቡም “ፒም” በሚባል መመዘኛ ይከፈል ነበር። ቃሉ ለብዙ ዘመን ተርጓሚዎችን ግራ ሲያጋባ ቆይቶ፣ ይኸው ስም የተቀረጸባቸው ትንንሽ የሚዛን ድንጋዮች ከመሬት ሲወጡ ተፈታ። ሰቅል ከሚባለው የብር መመዘኛ ሁለት ሦስተኛ ግድም ይመዝናሉ።

“ፍልስጥኤም” የሚለው ስም የተወሰደው በባሕሩ ዳር ከነበሩት ከእነዚሁ ፍልስጥኤማውያን ነው። ግሪኩ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ተጠቅሞበታል፤ ሮማውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ135 ያበቃውን የአይሁድ ዐመፅ ከደመሰሱ በኋላ የይሁዳን አውራጃ “ሶርያ ፓለስቲና” አሉት።

ድንበሯ ከየት እስከ የት ነው?

መጽሐፉ አንድ ካርታ ብቻ አይሰጥም። በዘፍጥረት 15 ለአብርሃም የተነገረው ከግብፅ ወንዝ እስከ ኤፍራጥስ ይደርሳል። በዘኍልቍ 34 የተዘረዘረው ወሰን በጣም ያነሰ ነው፤ በምሥራቅ ዮርዳኖስ ላይ ያቆማል። ሆኖም ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ እኩሌታ የሰፈሩት ከዮርዳኖስ ማዶ ነው። ሰዎች በተግባር ስለ አገራቸው ሲናገሩ ግን የሚሉት “ከዳን እስከ ቤርሳቤህ” ነው። ይህ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ እንደመሄድ። ያ ሁሉ ንጉሥ፣ ያ ሁሉ ነቢይ፣ ያ ሁሉ ጦርነት የተካሄደው በዚህች መሬት ላይ መሆኑን ስንቱ ሰው ያስተውላል? የዛሬውን የፖለቲካ ወሰን በእነዚህ ጥቅሶች ለማስመር የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የትኛውን ካርታ እንደመረጠ ሊነግረን ይገባል።

ወተትና ማር የምታፈስስ ነበረች? ሄጄ አይቻት ድንጋይ ናት።

ድንጋይም ናት። በመጀመሪያ ማሩ የንብ ብቻ አይደለም። በዘዳግም 8 ምድሪቱ የምትመሰገንባቸው ሰባት ፍሬዎች ተዘርዝረዋል፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራና ማር። የአይሁድ መምህራን ይህኛውን ማር ከተምር የሚጨመቅ ነው ይላሉ። ወተቱም የበግና የፍየል ነው። ስለዚህ ሐረጉ የሚያሳየው ለምለም መስክ ሳይሆን እረኛና ገበሬ ጎን ለጎን የሚኖሩበትን ተራራማ አገር ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያደናግረን ዝናቡ ነው። እዚያ የሚዘንበው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ማለትም በእኛ በጋ ነው። እኛ በሰኔ ሰማይ ሰማይ ስናይ እዚያ ሰማዩ ጠብታ የለውም። “የፊተኛው ዝናብ” መሬቱን ለእርሻ የሚያለሰልሰው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ነው፤ “የኋለኛው” ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ እህሉ ፍሬ ሲይዝ የሚመጣው። ይህን ሳያውቁ ነቢያትን ማንበብ አንድ ዐይን ከድኖ እንደማየት ነው። ኢየሩሳሌም በዓመት የምታገኘው 550 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ የዚያን እጥፍ ታገኛለች። ወደ ደቡብ ቤርሳቤህ ስትደርሱ 200 ገደማ ይሆናል፤ አንድ ዓመት ከጎደለ ረኃብ ነው። አብርሃምም ያዕቆብም በረኃብ ምክንያት ወደ ግብፅ የተመለከቱት ለዚህ ነው። ዘዳግም 11 ልዩነቱን በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ግብፅ በእግር የምትጠጣ የአትክልት ቦታ ናት፣ ይህች ግን ከሰማይ ዝናብ የምትጠጣ ምድር ናት። ዓባይ ያለው ወንዙን ያያል፤ ወንዝ የሌለው ሰማዩን።

ከፍታውም እንዲሁ ያታልላል። “ወደ ኢየሩሳሌም እንወጣለን” ሲባል እንደ እንጦጦ ያለ ነገር ይታየናል። ኢየሩሳሌም ግን ከ750 እስከ 800 ሜትር ግድም ናት፤ ከእኛዋ ናዝሬት፣ ከአዳማ፣ በእጅጉ ዝቅ ትላለች። መውጣት ያሰኘው ከሥር ያለው ነው። ጨው ባሕር ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የእኛው ዳሎል ያለበት ዝቅተኛ ምድር 125 ሜትር ገደማ ነው። ከኢያሪኮ የተነሣ መንገደኛ በአንድ ቀን እግር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል።

መሬቱ ለነገዶቹ እንዴት ተከፋፈለ?

በዕጣ፣ በነገድና በቤተ ዘመድ። ሌዊ የመሬት ድርሻ አልነበረውም፤ 48 ከተሞችና መሰማሪያቸው ብቻ ተሰጡት፣ ከእነዚያም ስድስቱ ሳያስብ ሰው የገደለ የሚሸሽባቸው መማጸኛ ናቸው። ቁጥሩ ዐሥራ ሁለት ሆኖ እንዲቀር ዮሴፍ በሁለት ልጆቹ በኤፍሬምና በምናሴ ተቆጠረ።

የዕብራይስጡን “ናሐላ” የእኛ ተርጓሚዎች “ርስት” አሉት፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ሊያገኙ የሚችሉ አይመስለኝም። ርስት ምን እንደሆነ፣ ሰው ለአንድ ቁራሽ መሬት ስንት ዓመት እንደሚሟገት፣ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የ1967ቱ ዐዋጅ ሥርዓቱን ቢያስቀረውም ቃሉ ከአፋችን አልወጣም።

ሴቶችስ? በዘኍልቍ 27 ወንድ ልጅ ሳይወልድ የሞተው የሰለጰዓድ አምስት ሴት ልጆች በሙሴ፣ በካህኑና በአለቆች ፊት ቆመው ያባታችን ስም ለምን ይጠፋል፣ ርስት ስጡን ብለው ተከራከሩ። ረቱም። በኋላ ምዕራፍ 36 ላይ የነገዳቸው ሽማግሌዎች መሬቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ ከወገናቸው ብቻ ይጋቡ የሚል ገደብ አስጨመሩ። የሚገርመው ግን ከመጽሐፉ ውጭ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በሰማርያ ቤተ መንግሥት ቁፋሮ የወይን ጠጅና የዘይት ጭነት የተመዘገበባቸው ገሎች ተገኙ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ8ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ጭነቱ ከመጣባቸው ቀበሌዎች መካከል ሁለቱ በአምስቱ እኅትማማች ስም ይጠራሉ፦ ኑዓና ዔግላ። አንድ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ሳያስበው ያቆየልን ነገር ነው።

ርስት ይሸጥ ይለወጥ ነበር?

ሕጉ አይሸጥም ይላል፤ ምክንያቱም ያልተለመደ ነው። በዘሌዋውያን 25 እግዚአብሔር “ምድሪቱ የእኔ ናት” ይላል፣ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ ብሎ። እንግዲህ ባለርስቱ ራሱ ጢሰኛ ነው ማለት ነው። የተቸገረ ሰው ቢሸጥ እንኳ የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ፣ እስከ ኀምሳኛው ዓመት ያለውን መከር ነው፤ ያኔ መሬቱ ወደ ቤተ ዘመዱ ይመለሳል። ከዚያ በፊት የቅርብ ዘመድ የመቤዠት መብት አለው።

ይህን ይዛችሁ የናቡቴን ታሪክ አንብቡ። ንጉሥ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የወይን ቦታ ፈለገ፤ የተሻለ ምትክ ወይም ገንዘብ እሰጥሃለሁ አለ። እንደ ዛሬ ከሆነ ጥሩ ካሣ ነው። ናቡቴ ግን ያባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ንጉሡ ቤቱ ገብቶ ፊቱን አዙሮ፣ እህል አልቀምስም ብሎ ተኛ። በገዛ አገሩ ሕግ አንድ ገበሬ እምቢ ሊለው እንደሚችል ያውቅ ነበርና። ከሲዶና ንጉሥ ቤት የመጣችው ኤልዛቤል ግን ይህ አልገባትም፤ በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈች፣ ሁለት የሐሰት ምስክር ቆመ፣ ናቡቴ ተወገረ።

መጽሐፉ ውስጥ በትክክል የተከፈለባቸው ግዢዎችም አሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ደስ ይለኛል። አንደኛው ዘፍጥረት 23 ላይ ነው። ሣራ ሞታለች፤ ምድሪቱ ሁሉ ቃል የተገባለት አብርሃም ሚስቱን የሚቀብርባት አንዲት ክንድ መሬት የለውም። በኬብሮን ኬጢያዊውን ኤፍሮንን ዋሻውን ሽጥልኝ አለው። ኤፍሮን በሰው ፊት፣ ጌታዬ ውሰደው፣ ሰጥቼሃለሁ ይላል። አብርሃም አይሆንም፣ ዋጋውን ልክፈል ይላል። ኤፍሮንም፣ አራት መቶ ሰቅል ብር በእኔና በአንተ መካከል ምን አላት? ይላል። ገበያ ላይ ያደገ ሰው ይህችን ያውቃታል፤ ዋጋው ተጠራ። አብርሃም ሳይከራከር 400 ሰቅል መዘነ፤ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ብር ነው። የመጀመሪያው ርስት መቃብር ሆነ፤ እኛ አጽመ ርስት የምንለው ነገር ከዚህ የበለጠ የት ይገለጣል?

ሁለተኛው በኤርምያስ 32 ነው። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከብበዋል፣ ኤርምያስ ራሱ ታስሯል፤ የአጎቱ ልጅ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ፣ መቤዠቱ ያንተ ነው ይለዋል። ጠላት የሰፈረበትን መሬት ማለት ነው። ኤርምያስ 17 ሰቅል፣ ሁለት መቶ ግራም የማይሞላ ብር፣ መዝኖ ከፈለ። ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አስፈረመ፤ የታተመውንም ያልታተመውንም ቅጂ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠ። ከኤፍሮን 400 ይልቅ ይህ 17 ሰቅል የከበደ ይመስለኛል።

ኢያሱ አገሩን በአንድ ዘመቻ ያዘው?

መጽሐፈ ኢያሱን ብቻ ያነበበ እንዲህ ይመስለዋል። ቀጥሎ ያለው መሳፍንት ምዕራፍ 1 ግን ያልተያዙትን ከተሞች እየዘረዘረ ይሄዳል፤ ኢየሩሳሌም ራሷ እስከ ዳዊት ዘመን በኢያቡሳውያን እጅ ነበረች። ቁፋሮውም አንድ ወጥ አይደለም። አሶር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) በእሳት ጠፍታለች፤ በኢያሪኮና በጋይ ግን ከዚያ ዘመን ትልቅ ከተማ አልተገኘም። ከ1200 ቅ.ል.ክ. ወዲህ በተራራማው አገር ከ200 በላይ አዳዲስ ትንንሽ መንደሮች ብቅ ማለታቸው ተረጋግጧል። ቅጥር የላቸውም፣ የአሳማ አጥንት እምብዛም አይገኝባቸውም። ብዙ ተመራማሪዎች የጥንት እስራኤልን መነሻ የሚያዩት በእነዚህ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ከየት መጡ በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም።

ከመጽሐፉ ውጭ ስማቸው ተጠቅሷል?

አዎን። የመጀመሪያው በግብፁ ፈርዖን በመርኔፕታ ሐውልት ላይ ነው፣ ወደ 1208 ቅ.ል.ክ. ግድም፤ እስራኤልን አጥፍቻለሁ፣ ዘሩም የለም ብሎ ይፎክራል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የሞዓቡ ንጉሥ ሞሳ ከእስራኤል ነፃ መውጣቱን በድንጋይ አስቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1993 በዳን የተገኘው የአራማይክ ጽሑፍ “የዳዊት ቤት” ይላል። የአሦሩ ሰናክሬም በ701 ቅ.ል.ክ. ሕዝቅያስን እንደ ወፍ በጎጆ ዘጋሁበት ይላል፤ ከተማይቱን ያዝኩ ግን አይልም።

ከሁሉም እኔን የሚይዘኝ የንጉሥ ፉከራ አይደለም። በሕዝቅያስ ዘመን ውኃ ወደ ከተማ ለማስገባት 533 ሜትር ዋሻ ከሁለት ጫፍ ተቆፍሯል። በግድግዳው ላይ የተገኘው ጽሑፍ ቆፋሪዎቹ ሦስት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደሰማ፣ ዶማ በዶማ ላይ እንደተገናኘ ይተርካል። የንጉሡን ስም እንኳ አይጠራም።

ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር?

ዕብራይስጥ ነበር፤ እንደ ጎጃምና ሸዋ ግን አነጋገሩ ይለያል። በመሳፍንት 12 የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ “ሺቦሌት” በል ይሉታል፤ የኤፍሬም ሰው “ሺ” ስለማይሆንለት “ሲቦሌት” ሲል ይያዛል። በዚህ 42,000 ሰው ወደቀ ይላል መጽሐፉ። ቃሉ የእህል ዛላ ማለት ነው፤ ከግዕዙና ከእኛው “ሰብል” ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ በዚያ መሻገሪያ እኛም ብንቆም ኖሮ በ“ሰ” እንጠራውና አበቃልን ነበር።

ዐሥሩ ነገዶች የት ገቡ?

ከሰሎሞን በኋላ፣ ወደ 930 ቅ.ል.ክ.፣ መንግሥቱ በግብርና በጉልበት ሥራ ጭቅጭቅ ለሁለት ተከፈለ። ሰሜኑ እስራኤል፣ ደቡቡ ይሁዳ ሆነ። ሰሜኑ በ722 ቅ.ል.ክ. ግድም በአሦር እጅ ወደቀ፤ ሳርጎን ከሰማርያ 27,290 ሰው ማረክሁ ብሎ ጽፏል። ይህ መላው ሕዝብ ሊሆን አይችልም። ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ወደ ይሁዳ የተሰደደ ይመስላል፤ ኢየሩሳሌም በዚያ ዘመን በድንገት ሰፍታ ሰባት ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ተሠርቶላታል። የተማረከው ከአሦር ሕዝብ ጋር ተቀላቀለ። ቤተ እስራኤልን ከዳን ነገድ ጋር የሚያገናኘውን የቆየ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ተቀብለውታል፤ ይህ የሃይማኖት ሕግ ውሳኔ ነው፣ የቁፋሮ ውጤት አይደለም።

ንግሥተ ሳባና ምኒልክስ?

በነገሥት ቀዳማዊ 10 ንግሥቲቱ ወደ ሰሎሞን ትመጣለች፣ በእንቆቅልሽ ትፈትነዋለች፣ 120 መክሊት ወርቅ ትሰጠዋለች፣ ወደ አገሯም ትመለሳለች። ስለ ልጅ የሚል ነገር የለም። የምኒልክ ታሪክ የሚገኘው በክብረ ነገሥትና በእኛ ትውፊት ነው።

ከምርኮ በኋላ ሁሉም ተመለሱ?

አልተመለሱም። ኢየሩሳሌም በ586 ቅ.ል.ክ. ግድም ወደቀች፤ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ በ539 ባቢሎንን ከያዘ በኋላ የተመለሱትን ዕዝራ 42,360 ይላቸዋል። ብዙዎች በባቢሎን ቀሩ፤ ኤርምያስ ራሱ ለምርኮኞቹ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ብሎ ጽፎላቸው ነበር። በግብፅ ደቡብ ጫፍ፣ በኤሌፋንቲን ደሴት፣ የራሳቸው ቤተ መቅደስ ያላቸው አይሁድ ወታደሮች በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ይኖሩ ነበር።

ዕዝራና ነህምያ ሕጉን በሕዝብ ፊት ያነበቡበትን ያንን ጉባኤ ቤተ እስራኤል በስግድ በዓል ያስቡታል። በጎንደር ተራሮች ጾመው ወጥተው ቄሶቹ በግዕዝ ያነቡት ነበር፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አድርገው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ ዛሬ የሚወጡት የኢየሩሳሌምን ኮረብታ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከሩት። አራት ምዕራፍ ናት፣ አንድ ቡና እስኪፈላ ታልቃለች። ረኃብ አለ፣ ስደት አለ፣ የገብስ ቃርሚያ አለ፣ አውድማ አለ፣ በከተማ በር ላይ በሽማግሌ ፊት ጫማ ተወልቆ የሚጸና የርስት መቤዠት አለ። ካርታም ክፈቱና ቤተ ልሔምን ፈልጉ፤ ከዚያ ዐይናችሁን በጨው ባሕር ላይ ወደ ምሥራቅ አሻግሩት። ሰማዩ ከጠራ የሚታየው ሰማያዊ ተራራ ሞዓብ ነው፣ ሩት የመጣችበት።